ከፍርድ ቤቱ ማኅተም በኋላ
ስለ አሳዳጊ ወላጆች ድጋፍ ለሕዝብ የቀረበ ንግግር



በአገራችን ሴት ስትወልድ የሚሆነውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ጎረቤት «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያለ ይገባል፤ ገንፎ ይገነፋል፤ አጥሚት ይቀርባል፤ እናቷ ወይም አክስቷ ከገጠር መጥታ ትከርማለች። አራስ ለብቻዋ አትተውም። በሁለተኛው ሳምንት እንቅልፍ አጥታ ሆድ ቢብሳት፣ «ይህን ልጅ ምን ላድርገው» ብላ ብታለቅስ እንኳ አጠገቧ ያለችው አሮጊት አትደነግጥም። «ለሁላችንም እንዲሁ ነበር» ትላታለች።

የማደጎ ልጅ ይዛ ወደ ቤቷ የገባችውን ሴትስ ማን ይጠይቃታል? አብዛኛውን ጊዜ ማንም አይጠይቃትም፤ ምክንያቱም ማንም እንዲያውቅ አልተፈለገም። ሠፈር የሚቀይሩ አሉ። ክፍለ ሀገር ሄጄ ወልጄ መጣሁ የሚሉ አሉ። ወሬው ወደ ባል ዘመዶች እንዳይደርስ ለዓመታት ያገለገለቻቸውን ሠራተኛ የሚያሰናብቱ አሉ። እንቅልፍ ማጣቱ፣ ድካሙ፣ «ይህ ልጅ ለምን አልለመደኝም» የሚለው ጭንቀት ግን እንደማንኛዋም እናት፣ አንዳንዴም ይበልጥ ይመጣባታል። ባሏም እንደዚያው ነው፤ ወንድ ስለሆነ ደግሞ ጭራሽ አይናገረውም።

ስለ አሳዳጊ ወላጆች ድጋፍ ይናገራል ሲባል ከእናንተ ብዙዎቹ የመሥሪያ ቤቶችን ስም ዝርዝር እንደምትጠብቁ ይገባኛል። ወደ መሥሪያ ቤቶቹም እመጣለሁ። አስቀድሜ ግን እምነቴን ልናገር፤ በእኛ አገር የአሳዳጊ ወላጅ ትልቁ ችግር ገንዘብ አይደለም፤ ምስጢሩ ነው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል። ጉዲፈቻ በሽታ አይደለም፤ ነገር ግን እንደ በሽታ ስለምንደብቀው የሚደርስብን ያው ነው። ልጁ የማደጎ መሆኑን ለሐኪም ያልተናገረች እናት ከሐኪሙ ትክክለኛ ምክር አታገኝም። ለመምህሩም፣ ለቄሱም፣ ለሼኹም፣ ለገዛ እናቷም እንዲሁ።

ስለ ሕጉ ጥቂት ልበል፤ ሕጉ ብዙዎቻችን ከምንገምተው የተሻለ ነውና። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 መንግሥት ወላጅ ላጡ ልጆች ልዩ ጥበቃ እንዲያደርግ፣ ልጆቹ በጉዲፈቻ የሚያድጉበትን ሥርዓት የሚያስፋፉ ተቋማት እንዲመሠረቱም እንዲያበረታታ ይደነግጋል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ ማለትም አዋጅ ቁጥር 213፣ ዝርዝሩን ይዟል። ብዙዎቹ ክልሎች የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ ስላላቸው በየቦታው ያለውን መጠየቅ ያስፈልጋል፤ እኔ የምናገረው ስለ ፌዴራሉ ነው። ዕድሜው 25 ዓመት የሞላው ሰው ዕድሜው ከ18 ዓመት በታች የሆነን ልጅ በጉዲፈቻ መውሰድ ይችላል። አሳዳጊዎቹ ባልና ሚስት ከሆኑ አንዳቸው 25 መሙላታቸው ይበቃል፤ ነገር ግን ሁለቱም ተስማምተው አብረው መቅረብ አለባቸው። ውሉ ፍርድ ቤት ካላጸደቀው ዋጋ የለውም። ዳኛውም ከማጽደቁ በፊት የልጁን ሐሳብ፣ የአሳዳጊውን አቅም፣ አሳዳጊው ልጁን ለራሱ ጥቅም መገልገያ ሊያደርገው ይችል እንደሆነም መመርመር አለበት።

ከጸደቀ በኋላ ልጁ በሁሉም ረገድ እንደ አሳዳጊው ልጅ ይቆጠራል፤ ይወርሳልም። ጉዲፈቻው እንደ ኪራይ ውል በፈለጉ ጊዜ የሚያፈርሱት አይደለም። ፍርድ ቤት ሊያፈርሰው የሚችለው አሳዳጊው ልጁን እንደ ባሪያ የያዘው ወይም የወደፊት ሕይወቱን በሚጎዳ መንገድ የሚያሳድገው ሆኖ ሲገኝ ነው።

እስከዚህ ድረስ መልካም። ታዲያ ማኅተሙ በተመታ ማግስት ምን አለ? ባልና ሚስት የውሳኔውን ግልባጭ ይዘው፣ ልጁን አቅፈው፣ ታክሲ ይሳፈራሉ። መንግሥት ሥራውን ጨርሷል፤ የእነሱ ግን ገና መጀመሩ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አስታውሳችኋለሁ። የውጭ አገር ጉዲፈቻ በተፈቀደበት ዘመን አሳዳጊዎች ስለ ልጁ ሁኔታ በ3፣ በ6 እና በ12 ወር፣ ከዚያም ልጁ 18 ዓመት እስኪሞላው በየዓመቱ ሪፖርት እንዲልኩ ይጠየቁ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 ብቻ ከ2,500 በላይ ልጆች ወደ አሜሪካ ሄደዋል፤ በሁለት ዐሥርት ዓመታት ገደማ ወደዚያች አገር የሄዱት በድምሩ ከ15,000 በላይ ናቸው። ሪፖርቱ ሁሉንም አላዳነም፤ በአሳዳጊዎቻቸው እጅ የተጎዱ፣ የሞቱም እንዳሉ በፍርድ ቤት ተረጋግጧል። በጥር 2010 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሕጉን በአዋጅ ቁጥር 1070 አሻሽሎ ያንን በር ዘጋ። ውሳኔውን የሚደግፉም የሚቃወሙም አሉ፤ ዛሬ ወደዚያ ክርክር አልገባም። በሩ ሲዘጋ ግን ኃላፊነቱ ሙሉ በሙሉ ወደ እኛ መጣ። ለፈረንጅ አሳዳጊ ያወጣነውን የክትትል ልማድ ለገዛ ጎረቤታችን አላወረስነውም። ክትትል ስል ፖሊስ ማለቴ አይደለም። ልጁ በገባ በሦስተኛው ወር በር አንኳኩታ «እንዴት ናችሁ? ይተኛል? ይበላል?» የምትል አንዲት የሠለጠነች የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ ማለቴ ነው። የወረዳው የሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ይህን ሊሠራ ይችላል። ከጉዲፈቻ በፊት ቤት የሚጎበኝ ባለሙያ ካለ፣ ከጉዲፈቻ በኋላም የማይጎበኝበት ምክንያት አይታየኝም።

አሁን ወደ ልጁ ልምጣ፤ ብዙ ወላጆች የሚደናገሩት እዚህ ነውና።

ሮማኒያ ውስጥ የኒኮላይ ቻውሼስኩ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1989 ሲወድቅ ዓለም ያየው እጅግ ብዙ ልጆች በየማሳደጊያው ታጉረው፣ ምግብ እንጂ እቅፍ ሳያገኙ እንደኖሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2000 ተመራማሪዎች በዋና ከተማዋ በቡካሬስት 136 ሕፃናትን ወስደው ግማሹን ለአደራ ቤተሰብ ሰጡ፤ ግማሹ በነበረው አያያዝ ቀጠለ። ለዓመታት ተከታተሏቸው። ቤተሰብ ውስጥ የገቡት በአእምሮ እድገትም፣ ሰውን በመቅረብና በመታመንም ተሻሉ፤ ከሁለት ዓመት በፊት የገቡት ደግሞ ይበልጥ። እንግሊዝ አገር በማይክል ራተር መሪነት ከሮማኒያ የተወሰዱ 165 ልጆችን የተከታተለው ጥናትም ከስድስት ወር በታች ሳሉ ከማሳደጊያ የወጡት አብዛኞቹ ከእኩዮቻቸው እንዳልተለዩ፣ ከዚያ በላይ በቆዩት በአንዳንዶቹ ላይ ግን ችግሩ እስከ ጉልምስና እንደዘለቀ አሳይቷል።

ይህን የምነግራችሁ ላስፈራራችሁ አይደለም። ትልቅ ልጅ አትውሰዱ ማለቴም አይደለም፤ ትልልቆቹ ልጆች ናቸው ሰው የሚያጡት። የምነግራችሁ ጉዳዩን ያወቀ ወላጅ ልጁ ሲያስቸግር ራሱንም ልጁንም ስለማይኮንን ነው።

ምሳሌ ልስጣችሁ። የሁለት ዓመት ልጅ ከማሳደጊያ መጣ እንበል። ወድቆ ግንባሩ ቢላጥ አያለቅስም። ሌሊት ነቅቶ ጣራ ጣራውን ያያል፤ አይጣራም። እንግዶች «እንዴት ያለ ጨዋ ልጅ ነው! ምንም አያስቸግርም» ይላሉ። እኛ ዝምተኛን ልጅ መውደድ ልማዳችን ነው። ይህ ልጅ ግን ጨዋ ስለሆነ አይደለም ዝም ያለው፤ አልቅሶ አልቅሶ ማንም እንደማይመጣ ስለተማረ ነው። ከወራት በኋላ ሌሊት «እማዬ!» ብሎ ሲጮኽ እናቲቱ ተበላሸብኝ ብላ ትሰጋለች። እኔ ብሆን እልል እላለሁ፤ ሰው እንዳለው አወቀ ማለት ነውና።

ሌላው ደግሞ ለማንም እጁን ይዘረጋል። የማያውቃት ሴት ታክሲ ውስጥ ብትጠራው ጭኗ ላይ ይቀመጣል፤ ልውሰድህ ብትለው ይሄዳል። «ሰው አይፈራም፣ ደፋር ነው» ይባላል። ሰው ሁሉ እኩል የሆነበት ልጅ ግን ገና የራሱ ሰው የለውም። ለዚህ ነው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚያበላው፣ የሚያጥበው፣ የሚያስተኛው እናትና አባቱ ብቻ እንዲሆኑ የሚመከረው። አክስት ትምጣ፣ ወጥ ትሥራ፣ ልብስ ትጠብ፤ ማጉረሱን ግን ለእናቱ ትተው። አያቶቻችን ያለ ጥናት ያውቁት የነበረው አንቀልባ እዚህ ጋ ዋጋው ትልቅ ነው። የአራት ዓመት ልጅ «እዘይኝ» ቢል «አንተ ትልቅ ልጅ፣ አታፍርም!» አይባልም፤ ይታዘላል። ያላገኘውን ነው የሚጠይቀው።

ትራስ ሥር ዳቦ የሚደብቅም አለ። ይህ ሌብነት አይደለም፤ ነገ ምግብ እንደሚኖር ገና አላመነም። ደረቅ ቆሎ ወይም ዳቦ እጁ በሚደርስበት ቦታ አስቀምጡለት፤ ሲያምን ራሱ ይተዋል። ዱላ ግን በዚህ ልጅ ላይ ከሌላው ልጅ ይልቅ ይከፋል። እናንተ «ለመምከር» ስትመቱት እሱ የሚሰማው «ሊመልሱኝ ነው» የሚል ነው። «አንተ ልጅ አትሆነኝም»፣ «ወደ መጣህበት እልክሃለሁ» የምትል ቃል ደግሞ ለቀልድም አትነገር።

ይህን ሁሉ በየቤታቸው ብቻቸውን የሚማሩ ወላጆች አሉ። አሥር አሳዳጊ ቤተሰቦች በወር አንድ ጊዜ ቡና አፍልተው ቢገናኙ ግን የአንዷ ችግር የሌላዋ የትናንት ታሪክ ሆኖ ይገኛል። እቁብና ማኅበር ማቋቋም የምናውቅ ሰዎች ነን፤ ለዚህ የሚበቃ ጥበብ አለን። ከዚህ ቀጥሎ የሚያስፈልገው አንድ የሥነ ልቦና ወይም የማኅበራዊ ሥራ ባለሙያ አልፎ አልፎ መጋበዝ ነው። ልጁ ለረጅም ጊዜ ከማንም ጋር የማይግባባ፣ ራሱን የሚጎዳ፣ መናገር ያቆመ ከሆነ ግን ቡናው አይበቃም፤ ሳይውል ሳያድር የሕፃናት ሐኪምና የአእምሮ ጤና ባለሙያ ዘንድ ይወሰድ።

ስለ ወረቀት በአጭሩ። ልጁን ስትረከቡ ማሳደጊያው ያለውን ሁሉ ጠይቁ፤ የክትባት ካርድ፣ የክብደት መዝገብ፣ የታመመው በሽታ፣ የተገኘበት ቦታና ቀን፣ ያመጣው አካል ደብዳቤ፣ የነበረ ፎቶ። ለብሶት የመጣውን ልብስ አትጣሉት። በ2004 ዓ.ም. በወጣው በአዋጅ ቁጥር 760 መሠረት ጉዲፈቻም እንደ ልደትና ጋብቻ የሚመዘገብ ወሳኝ ኩነት ስለሆነ ውሳኔውን ይዛችሁ አስመዝግቡ። ዛሬ ያሰለቻችሁ ወረቀት ነገ ለትምህርት ቤት፣ ለፓስፖርት፣ ለውርስም ይጠየቃል። ከሁሉም በላይ ልጁ ራሱ አንድ ቀን ይጠይቃችኋል። ወደ ውጭ ከሄዱት ልጆች ዛሬ ያደጉት ብዙዎቹ ወላጆቻቸውን ፍለጋ እየተመለሱ ነው፤ መዝገቡ ተዛብቶ ወይም ጠፍቶ የሚንከራተቱም አሉ። እኛ ይህን በአገር ቤት ልጆች ላይ እንዳንደግመው።

ከሥራ የሚሰጥ የዕረፍት ፈቃድም ሌላው ነገር ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለእናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ተከታታይ ቀናት፣ ለአባት ደግሞ 3 ቀናት ይሰጣል። ሁሉም የታሰሩት ከእርግዝናና ከወሊድ ጋር ነው። ልጅ በጉዲፈቻ የወሰደች ሠራተኛ የዓመት ፈቃዷን ከማሟጠጥ ሌላ ምርጫዋ ጠባብ ነው። ጎረቤታችን ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2021 ሕጓን አሻሽላ ለአሳዳጊ ወላጅ ከሙሉ ደመወዝ ጋር የአንድ ወር ፈቃድ ፈቅዳለች። ብሪታንያ ደግሞ እስከ 52 ሳምንት ትሰጣለች፤ ያን ያህል አልጠየቅሁም። በመካከላችን የሠራተኛ ማኅበር መሪዎችና አሠሪዎች ካላችሁ ግን ይህን በኅብረት ስምምነት ውስጥ ለማስገባት የፓርላማ ውሳኔ መጠበቅ አያስፈልጋችሁም። ሕጉ ዝቅተኛውን ነው ያስቀመጠው፤ ከዚያ በላይ መስጠት አልተከለከለም።

ወደ ምስጢሩ ልመለስ። ብዙ ወላጆች «ትልቅ ሲሆን እነግረዋለሁ» ይላሉ። አይነግሩትም። የሚነግረው ሌላ ሰው ነው፤ ሠፈር ውስጥ በተነሣ ጠብ መካከል፣ በለቅሶ ቤት፣ ከሁሉ ከሁሉ ደግሞ አባት ሞቶ ወንድሞቹ ለውርስ ሲሰበሰቡ። የዚያን ቀን ልጁ ሁለት ጊዜ ይጎዳል፤ በእውነቱም፣ ስለተደበቀበትም።

ልጁ ነገሩን ሳያውቅ የኖረበት ቀን ባይኖር ይሻላል። ለሦስት ዓመት ልጅ «የሌላ እናት ሆድ ውስጥ ነበርክ፤ እኛ ደግሞ ልጅ እንፈልግ ነበር፤ መጥተን ወሰድንህ» ማለት ይበቃል። ሲያድግ ታሪኩም አብሮ ያድጋል። መንገድ ላይ ለተገኘ ልጅ «ተጥለህ ነበር» አትበሉት። «ሰው ሊያይህ በሚችልበት ቦታ ተኝተህ ነበር፤ አንድ ሰው አይቶ አነሣህ» በሉት፤ ይህም እውነት ነው። የእናቱን ሞት ካላወቃችሁ ሞታለች ብላችሁ አትፍጠሩ። ስሙን የሚያውቅ ልጅ ከሆነ ስሙን አትቀይሩበት። የአባት ስም መቀየሩ ብቻውን ለልጅ ቀላል አይደለም።

ወላጅ እናቱ ወይም አያቱ በሕይወት ካሉስ? ብዙ አሳዳጊዎች የሚፈሩት ይህን ነው። የቤተሰብ ሕጋችን ጉዲፈቻ የተደረገው ልጅ ከተወለደበት ቤተሰብ ጋር ያለው ግንኙነት እንደማይቋረጥ ይናገራል፤ ከሁለቱ መምረጥ ግድ ሲሆን ግን የአሳዳጊው ቤተሰብ እንዲቀድም ደንግጓል። ስለዚህ አያቲቱ ለፋሲካ ብትመጣ ልጁን አትወስድባችሁም። ይኸው ሕግ ጉዲፈቻውን የተቃወሙ የአሳዳጊው ወላጆችና ዘመዶች ፍርድ ቤት ካጸደቀ በኋላ በአንድ ዓመት ውስጥ ተቃውሟቸውን ካስመዘገቡ ውጤቱ እነሱን እንደማይመለከት ይናገራል። ስለዚህ ዘመድን አስቀድሞ ማስማማት ለፍቅር ብቻ ሳይሆን ለልጁ መብትም ይጠቅማል።

ሃይማኖትን በተመለከተ ሙስሊም ወገኖቼ የሚያነሱት ተገቢ ጥያቄ አለ። እስልምና የቲምን ማሳደግ ታላቅ ምንዳ ያለው ሥራ መሆኑን ያስተምራል፤ የልጁን የዘር ሐረግ መቀየርን ግን አይፈቅድም። ስለዚህ ብዙ ቤተሰቦች ልጁን በወላጅ አባቱ ስም እያሳደጉ፣ ለእሱ የሚተዉትን ደግሞ በኑዛዜ ይወስናሉ፤ ሕፃን ከሆነ አሳዳጊዋ እናት አጥብታው የጡት ዝምድና የሚፈጠርበት መንገድም አለ። ዝርዝሩን ዐሊሞችን ጠይቁ። ለእኔ የሚደንቀኝ ግን ይህ መንገድ ልጁ ከየት እንደመጣ የማይደብቅ መሆኑ ነው።

አንድ ሰው ላንሣ፤ ወይዘሮ አበበች ጎበና። እ.ኤ.አ. በ1980 ግሸን ማርያም ሊሳለሙ ሄደው በወሎ ረሃብ መካከል ያገኟቸውን ሁለት ሕፃናት ይዘው ተመለሱ። ልጆቹ ሲበዙ ቤተሰቡ ተቃወመ፤ ልጆቹን ከሚተዉ ቤታቸውን ትተው ወጡ። ከዚያ የተነሣው ድርጅት በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሰው ደግፏል። እ.ኤ.አ. በ2021 ሲያርፉ አገር አለቀሰላቸው። በመጀመሪያው ቀን ግን አጠገባቸው የቆመ ሰው ጥቂት ነበር። አሳዳጊን ሁሉ እንደ ጻድቅ ማሞገስም የሚረዳ አይመስለኝም። የተሞገሰ ሰው «አቃተኝ» ለማለት ያፍራል፤ ልጁም «አንተን ያነሱ የተባረኩ ናቸው» እየተባለ ዕዳ ተሸክሞ ያድጋል።

የእህታቸውን ልጅ፣ የልጃቸውን ልጅ ያለ ወረቀት የሚያሳድጉትንም አትርሷቸው። ቁጥራቸው በፍርድ ቤት ከሚያልፉት ይበልጣል። አያት ልጁን ትምህርት ቤት ስታስመዘግብ «የአንቺ ማስረጃ የታለ?» ትባላለች። ለእነሱ ጉዲፈቻ ባይሆን እንኳ በፍርድ ቤት አሳዳሪና ሞግዚት ተብሎ መሾም አለ፤ ይህን የሚነግራቸው፣ ማመልከቻ የሚጽፍላቸው የሕግ ተማሪ ወይም ጠበቃ ቢገኝ ትልቅ እርዳታ ነው።

በመጨረሻ በዚህ አዳራሽ ውስጥ ላላችሁ የዕድር ዳኞችና ጸሐፊዎች አንድ ልመና አለኝ። የዕድራችሁን መተዳደሪያ ደንብ ገልጣችሁ «ልጅ» የሚለውን አንቀጽ አንብቡ። የማደጎ ልጅ በግልጽ ካልተጠቀሰ በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ አስጨምሩት፤ በዘመድ ቤት ያለ ወረቀት የሚያድገውንም አትተዉት። አንድ አባል ልጅ አምጥቶ ሲያስመዘግብም ጸሐፊው «ከየት አመጣኸው?» ሳይል ስሙን ይመዝግብ።